ሁለት ካሜራ፣ አንድ ሌንስ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ሴንሰሩን ራሳችሁ ፈትኑት

ድሬዳዋም ይሁን ሐረር ሰርግና ልደት የሚያነሳ ሰው ካሜራ መቀየር ሲያስብ ብዙ ጊዜ ከዚህ ምርጫ ፊት ይቆማል። በአንድ በኩል ሶኒ ኤ6400፣ በሌላ በኩል ሶኒ ኤ7 ማርክ 3። ሁለቱም ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው) ናቸው፤ ሁለቱም 24.2 ሜጋፒክስል፤ ሌንስ መግጠሚያቸውም አንድ ነው። የሚያወጡት ፎቶ እንኳ እኩል 6000 በ4000 ፒክስል ነው። ዋጋቸው ግን ይራራቃል። ሻጩን ብትጠይቁት "ያኛው ፉል ፍሬም ነው" ይላችኋል፣ በቃ። ያኛው የሚለው ኤ7 ማርክ 3ን ነው፤ ፉል ፍሬም ማለትም ሴንሰሩ፣ ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል፣ ትልቅ ነው ማለት ነው። ፉል ፍሬምነቱ ለእናንተ ሥራ ምን ያህል እንደሚጨምር ማወቅ የሚቻለው ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ በማንሳት ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ለዚህ ጥንድ ነው፤ አካሄዱ ግን ለማንኛውም ሁለት ካሜራ ይሠራል። ግማሽ ቀን ይበቃል።

መጀመሪያ በወረቀት

ወደ ፈተናው ከመግባታችሁ በፊት የምትጠብቁትን ነገር በቁጥር ያዙ። አለበለዚያ ዓይናችሁ ውድ ለሆነው ካሜራ ያደላል።

የኤ7 ማርክ 3 ሴንሰር 35.6 በ23.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ 847 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ። የኤ6400 ደግሞ 23.5 በ15.6፣ ስፋቱ 367 ገደማ። ስለዚህ ትልቁ ከትንሹ 2.3 እጥፍ ይሰፋል። በእኩል ሻተር (ብርሃን በሚገባበት ጊዜ) እና በእኩል አፐርቸር (በሌንሱ ቀዳዳ መጠን) ሲነሳ የሚሰበስበው ጠቅላላ ብርሃንም በዚያው ልክ ይበልጣል። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ መሆን ስለሆነ፣ 2.3 እጥፍ በስቶፕ ሲመነዘር 1.2 ያህል ይመጣል። የፒክስሎቹ ብዛት እኩል በመሆኑ የእያንዳንዱ ፒክስል ወርድም ይለያያል፤ የትልቁ 5.9 ማይክሮሜትር፣ የትንሹ 3.9።

አንድ ተጨማሪ ልዩነት አለ። የኤ7 ማርክ 3 ሴንሰር ሽቦዎቹ ብርሃን ከሚቀበለው ክፍል በስተጀርባ የተዘረጉበት ዓይነት ነው፤ በኤ6400 ላይ ከፊት ናቸው። ይህ ጥቂት ይጨምራል እንጂ ተአምር አይሠራም። እንግዲህ የምንጠብቀው ከአንድ ስቶፕ ትንሽ የሚያልፍ ብልጫ ነው። ፈተናው ሦስትና አራት ስቶፕ ካሳያችሁ ካሜራው ተአምረኛ ስለሆነ ሳይሆን አንድ ነገር ሳታስተካክሉ ስለቀራችሁ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ሁለቱ ካሜራዎች፣ ትራይፖድ፣ የራሳችሁ ሚሞሪ ካርድ፣ ላፕቶፕ። ሌንስ አንድ ብቻ፤ ከኤ7 ማርክ 3 ጋር አብሮ የሚሸጠው ባለ 28-70 ይበቃል። ሁለቱም ላይ ስለሚገጥም በሌንስ ልዩነት የሚመጣ ክርክር በአብዛኛው ይቀራል። ባትሪያቸው ግን አንድ አይደለምና ሁለቱንም ሞልታችሁ ሂዱ። ፋይሎቹን ለመክፈት ሮውቴራፒና ዳርክቴብል የተባሉት ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ።

ሁለቱን ካሜራ እኩል ማስቀመጥ

ማወዳደር የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ሁለቱንም ማኑዋል ላይ አድርጉ፤ አውቶ አይኤስኦ (አይኤስኦ ማለት ካሜራው ምልክቱን የሚያጎላበት መጠን ነው) ይጥፋ። ፋይሉ ሮው፣ ማለትም ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል፣ ይሁን። ጄፔግ ካነሳችሁ የምታወዳድሩት ሴንሰሩን ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ያለውን የማጣሪያ ፕሮግራም ነው፤ ፊት ሲያለሰልስና ነቁጥ ሲያጠፋ የምታዩት እሱን ነው። ኤ6400 ሮው የሚያስቀምጠው ጨምቆ ብቻ ነው፤ ኤ7 ማርክ 3 ሳይጨምቅም ይችላል። ለፍትሕ ሲባል ኤ7ን ጨምቆ በሚያስቀምጠው ላይ አድርጉት። ከዚያ የረጅም ሻተር ኖይዝ (ነቁጥ) ማጥፊያውን፣ ዲአርኦውን (ጥላን በራሱ የሚያበራውን)፣ የፒክቸር ፕሮፋይሉንና የድምፅ አልባ ሻተሩን አጥፉ። ስቴዲሾትም (የእጅ ንቅናቄ ማስተካከያው) ትራይፖድ ላይ ይጥፋ። ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛኑ) በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንድ በአንድ አንሱ እንጂ በተከታታይ አትተኩሱ።

ቀጥሎ ክፈፉን እኩል ማድረግ ነው። ኤ6400 ላይ ሌንሱን 35 ላይ አድርጋችሁ አንሱ። ኤ7 ላይ ያንኑ ክፈፍ ለማግኘት ወደ 53 ታጎላላችሁ፤ የሁለቱ ሴንሰር ወርድ በ1.5 እጥፍ ስለሚለያይ ነው። የሌንሱ ቀለበት ላይ ያለውን ቁጥር ብዙ አትመኑት። የክፈፉን ጠርዝ ተመልከቱ፤ ግራ ጫፍ ላይ ያለው ዕቃ በሁለቱም እዚያው ጫፍ ላይ መሆን አለበት። ትራይፖዱን ሳታነቃንቁ ካሜራውን ብቻ ቀያይሩ። ፎከሱን በማኑዋል አጉልታችሁ አስተካክሉ፤ በሁለት ሰከንድ ታይመርም አንሱ።

ብርሃኑ በመሃል መቀየር የለበትም። አምፖል አትጠቀሙ። የመብራታችን ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ብዙዎቹ የቤት አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ሻተሩ 1/200 ሲደርስ አንዱ ፎቶ ብሩህ፣ ቀጣዩ ጨለም ያለ ይሆንባችኋል። የቮልቴጁ መውጣትና መውረድ ሲጨመርበት ደግሞ የትኛው ካሜራ እንዳጠቆረው አታውቁም። በበር ወይም በመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን፣ ፀሐዩ በቀጥታ ሳይመታ፣ ከሁሉ ይሻላል።

የኖይዝ ፈተና

ሐረር ያላችሁ ሰዎች ለዚህ የተሠራ የሚመስል ቦታ አላችሁ፤ የሐረሪ ባህላዊ ቤት። ብርሃኑ በአብዛኛው በበሩ ይገባል፤ መደቦቹ ቀይ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች ደግሞ ካሜራ የሚፈትን ጥቃቅን ጥለት አላቸው። የቤቱን ባለቤት አስፈቅዱ፤ ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ ቤቶች አሉ። ድሬ ያላችሁ ደግሞ ሳሎን ውስጥ አንድ ስፌት፣ አንድ ጥቁር ጨርቅ፣ አንድ ነጭ ሰሃን ደርድሩና በቂ ነው። ጥቁሩ ጨርቅ የግድ ይኑር፤ ኖይዝ ከሁሉ በፊት የሚታየው እሱ ላይ ነው።

አፐርቸሩን በሁለቱም ኤፍ 5.6 ላይ ቆልፉት። ከዚያ አይኤስኦውን ስትጨምሩ ሻተሩን በዚያው ልክ አፍጥኑ። ለምሳሌ በ1600 ላይ ትክክለኛው ሻተር 1/50 ከሆነ፣ 3200 ላይ 1/100፣ 6400 ላይ 1/200፣ 12800 ላይ 1/400 ይሆናል። ወደ ታችም 400 ላይ 1/13፣ 100 ላይ 1/3። በአንዱ ካሜራ የተጠቀማችሁትን ሻተር በሌላው ሳትነኩ ድገሙት። ውጤቱ በአንዱ ትንሽ ቢጠቁር እንኳ አታስተካክሉ፤ የአይኤስኦ ቁጥር ከካሜራ ካሜራ፣ በተለይ ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ በትክክል አንድ አይደለም። የሚታመኑት ሻተሩና አፐርቸሩ ናቸው። የድምቀቱን ልዩነት ኋላ ኮምፒውተር ላይ ታስተካክሉታላችሁ።

ሮውቴራፒ ላይ ስትከፍቱ ኒውትራል የሚለውን ፕሮፋይል ምረጡ፤ ኖይዝ ማጥፊያና ጥራት መጨመሪያ (ሻርፕኒንግ) ሁሉ ይጥፋ። ዋይት ባላንሱን በነጩ ሰሃን ላይ አንድ አድርጉ። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን በመቶ ፐርሰንት አጉሉ።

እዚህ ላይ "በአይኤስኦ 6400 የትኛው ያምራል?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል። ጥያቄው "የኤ7 አይኤስኦ 6400 ከኤ6400 ካሜራ የትኛው አይኤስኦ ጋር ይመሳሰላል?" ነው። በወረቀቱ ስሌት ከሄድን 6400 ለ2.3 ሲካፈል 2800 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ የትልቁ 6400 ከትንሹ 3200 ትንሽ የተሻለ ወይም እኩል ቢመስላችሁ ፈተናችሁ በትክክል ሄዷል። ፎቶዎቹን ስማቸውን ሸፍናችሁ ለጓደኛ ብታሳዩ ደግሞ ይበልጥ ይታመናል።

ሜጋፒክስላቸው የሚለያይ ካሜራዎች ከሆኑ በመቶ ፐርሰንት ማየት ያሳስታል። ኒኮን ዜድ 7 45.7፣ ዜድ 6 ደግሞ 24.5 ሜጋፒክስል አላቸው፤ ሴንሰራቸው ስፋቱ አንድ ነው። ፒክስል በፒክስል ካያችኋቸው ዜድ 7 የባሰ ነቁጣም ይመስላል። ትልቁን ፋይል ወደ ትንሹ መጠን ካሳነሳችሁት በኋላ ግን ልዩነቱ በጣም ይጠባል። ደንበኛ የሚያየው አልበም ላይ የታተመውን እንጂ የጎላ ፒክስል አይደለም።

የሦስት ረድፍ ፎቶ ጉዳይ

አሁን ስለ ፉል ፍሬም ሲወራ የሚዘለለው ነገር። በእኩል ክፈፍና በእኩል ኤፍ ቁጥር የኤ7 ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል ከኤ6400 ይልቅ ጠባብ ነው። አንድ ሙሽራ ብቻዋን ስታነሱ ጥሩ ነው፤ ጀርባዋ ይደበዝዛል። ግን ሰርግ ላይ የቤተሰብ ፎቶ አለ፦ ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀምጠው፣ መሃል ሙሽሮችና ሚዜዎች፣ ከኋላ ወንበር ላይ የቆሙ ወጣቶች። በኤ6400 ኤፍ 5.6 ላይ ሦስቱም ረድፍ ከጠሩላችሁ፣ በኤ7 ያንኑ ለማግኘት ኤፍ 8 ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ መዝጋት አለባችሁ። ይህ አንድ ስቶፕ ያህል ብርሃን ይቀንሳል። ሻተሩን እንዳታዘገዩ ልጆች ይንቀሳቀሳሉ፤ ስለዚህ አይኤስኦውን እጥፍ ታደርጋላችሁ። ያ ተጨማሪ ኖይዝ ደግሞ ሴንሰሩ የሰጣችሁን ብልጫ መልሶ ይበላዋል።

ፈትኑት። ከስፌቱ ፊት አንድ ዕቃ፣ ከኋላው ሌላ ዕቃ አስቀምጡ። ኤ6400ን በኤፍ 5.6 እና በአይኤስኦ 3200፣ ኤ7ን በኤፍ 8 እና በአይኤስኦ 6400፣ ሻተሩ በሁለቱም አንድ ሆኖ አንሱ። ሁለቱ ፎቶዎች ተቀራራቢ ይሆናሉ። እንግዲህ ሥራችሁ ባብዛኛው የቡድን ፎቶ ከሆነ የፉል ፍሬሙን ብልጫ የምታዩት አልፎ አልፎ ነው። ነጠላ ሰው፣ ክፍት አፐርቸር፣ ደካማ ብርሃን ከሆነ ግን በየቀኑ ታዩታላችሁ። እኔ ይህን ፈተና ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድመዋለሁ።

ጥላን የማንሳት ፈተና

እኛ ዘንድ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። የጀጎልን ጠባብ መንገድ አስቡት፦ አንዱ ግድግዳ ዓይን እስኪወጋ ያበራል፣ ከበሩ ውስጥ ደግሞ ድቅድቅ ነው። የድሬው ከፊራ ገበያም እንዲሁ፤ ሸራው ሥር ያለችው ነጋዴና ውጭ ያለው አስፋልት በአንድ ክፈፍ አይታረቁም። የሴንሰር ዳይናሚክ ሬንጅ (ከብሩሁ እስከ ጨለማው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ስፋት) የሚለካው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

አይኤስኦ 100 ላይ ሁኑ። ብሩሁ ግድግዳ ለጥቂት ሳይነጣ እንዲቀር ሻተሩን አስተካክሉ፤ ዚብራውን ብታበሩት የሚነጣውን ቦታ ያሳያችኋል። በሁለቱም ካሜራ በአንድ ሻተርና በአንድ አፐርቸር አንሱ። ኮምፒውተር ላይ ድምቀቱን በአራት ስቶፕ ከፍ አድርጉና በሩ ውስጥ ያለውን ጥላ ብቻ ተመልከቱ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፤ ነቁጡ፣ ጥላው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ማዘንበሉ፣ እና አግድም መስመሮች። ነቁጥ ይታገሡታል፤ መስመርና የቀለም መዛባት ግን ለማስተካከል አስቸጋሪ ናቸው።

የኤ7 ማርክ 3 ባለቤት የሚሆን ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይሞክር። ይህ ሴንሰር አይኤስኦ 640 ላይ ሲደርስ የውስጥ ማጉያውን ይቀይራል። ሻተሩንና አፐርቸሩን ሳትነኩ፣ ፎቶው ጠቆር እንዲል አድርጋችሁ በ400፣ በ500፣ በ640ና በ800 አንሱ፤ ከዚያ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ በድምቀት እኩል አድርጓቸው። የ640ው ጥላ ከ500ው የጠራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ማታ 500 ላይ ከመቆም 640 ላይ መውጣት ይሻላል። የኤ6400ንም መቀየሪያ በዚሁ መንገድ፣ ከ100 ጀምራችሁ ደረጃ በደረጃ ፈልጉት።

እንቅስቃሴና ድምፅ አልባ ሻተር

ይህ አጭር ነው። ድምፅ አልባውን ሻተር አብሩና ድሬ ከዚራ ሰፈር መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፍ ባጃጅ አንሱ። ሴንሰሩ ምስሉን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች በመስመር ስለሆነ ባጃጁ ያዘነበለ ይመስላል፤ ይበልጥ ያዘነበለበት ካሜራ ቀስ ብሎ የሚያነበው ነው። ቀጥሎ ኤልኢዲ መብራት ያለበት አዳራሽ ውስጥ በ1/500 አንሱ። ጥቁርና ብሩህ ጭረት ከተደረደረ፣ በዚያ አዳራሽ ኪዳን ሲታሰር ወይም ኒካ ሲነበብ ድምፅ አልባውን መጠቀም አትችሉም ማለት ነው፤ በሜካኒካሉ ሻተር ድገሙት፣ በአብዛኛው ይጠፋል ወይም ይቀንሳል።

የድሬ ሙቀት

ሴንሰር ብርሃን ባይነካውም ከሙቀት የተነሳ ብቻ ጥቂት ምልክት ያመነጫል፤ ይህ በየ6 እስከ 8 ዲግሪ ጭማሪ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለ1/200 ፎቶ ምንም ማለት አይደለም። ሌሊት ሰማይ ለሚያነሳ፣ ረጅም ቪዲዮ ለሚቀርጽ ግን ቁም ነገር ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ፣ ድሬ ደግሞ 1,200 አካባቢ ናቸውና ሐረር አመሻሽ ላይ የተፈተነ ካሜራ ድሬ ቀትር ላይ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል።

ሌንሱን በክዳኑ ዝጉ፣ አይኤስኦ 1600፣ ሻተር 30 ሰከንድ፣ የረጅም ሻተር ኖይዝ ማጥፊያው የጠፋ። አንዱን ካሜራው ቀዝቅዞ እያለ፣ ሌላውን 20 ደቂቃ ቪዲዮ ካስቀረጻችሁት በኋላ አንሱ። ጥቁሩን ፎቶ ስታጎሉ ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ ነጥቦች ታያላችሁ። ጥቂት መሆናቸው የተለመደ ነው። ሲሞቅ በጣም የሚበዙበትን ካሜራ ግን ለረጅም ሻተር ሥራ አትመኑት።

ያገለገለ ካሜራ ከሆነ

እስካሁን ያልነው ስለ ሞዴሉ ነበር፤ ይህ ስለዚያች ስለያዛችኋት ካሜራ ነው። አፐርቸሩን ኤፍ 22 ላይ ዝጉ፣ ፎከሱን አጥፉና ነጭ ግድግዳ አንሱ። ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ እንደ ግራጫ ነጥብ ብቅ ይላል። እኛ አገር አቧራ አይጠፋም፤ ድሬ ደቻቱ ወንዝ ዳር ንፋስ ባለበት ሌንስ ቀይሮ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። የሌንስ መግጠሚያውን ወደ ታች አዙራችሁ በጎማ መንፊያ ንፉት፣ ደግማችሁ አንሱ። በአፍ አትንፉ፤ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል። አቧራ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መግዛት መተዊያ ምክንያት አይደለም።

ሌዘር ግን ነው። ዲጄዎች አዳራሽ ውስጥ የሚያበሩት የሌዘር ጨረር በሌንስ በኩል በቀጥታ ከገባ ሴንሰሩን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ሚረርለስ ደግሞ ስትቀርጹም ሆነ በመመልከቻው ስታዩ ሴንሰሩ ክፍት ነው። ጉዳቱ በሁሉም ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ የሚታይ ቀጭን ባለቀለም መስመር ወይም ነጥብ ነው። አንድ ፎቶ በጥቁር ክዳን፣ አንድ በነጭ ግድግዳ፣ አንድ አጭር ቪዲዮ አንሱና ሦስቱንም ከጥግ እስከ ጥግ መርምሩ። መስመር ካገኛችሁ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ተዉት። ሻጩ በራሳችሁ ካርድ አንስታችሁ ላፕቶፕ ላይ እንድታዩ ካልፈቀደም እንዲሁ።

ወደ ብር ሲመነዘር

አሁን በእጃችሁ ያለው "ፉል ፍሬም ይሻላል" የሚል ወሬ ሳይሆን ልኬት ነው፤ አንድ ስቶፕ ከጥቂት። ልኬቱን ከሌላ ነገር ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። አብሮ ከሚመጣው ሌንስ ኤፍ 3.5 ወደ ኤፍ 1.8 ሌንስ መዛወር ሁለት ስቶፕ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ብርሃን ይጨምራል። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ሰው ኤ6400 ከኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ቢገዛ፣ ኤ7ን ከተራው ሌንስ ጋር ከገዛው ሰው ይልቅ ማታ የተሻለ ፎቶ ሊያነሳ ይችላል። ይህን ሻጭ አይነግራችሁም።

ኤ7ን የሚያስመርጡ ሌሎች ነገሮች አሉ። ሴንሰሩ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የእጅ ንቅናቄን ያስተካክላል፤ በኤ6400 ይህ የለም። ቆሞ ለሚጠብቃችሁ ነገር፣ ለግንቡ፣ ለቤት ውስጥ፣ በጣም ይረዳል፤ ለሚጨፍር ሰው ግን ምንም አያደርግም። ባትሪውም ሰፊ ነው። በአንጻሩ ኤ6400 ከነባትሪው 403 ግራም ሲሆን ኤ7 650 ነው፤ ሙሉ ቀን ሰርግ ላይ አንገት ይህን ይቆጥራል። ከሩቅ ለሚያነሳም ኤ6400 ያመቻል፤ ባለ 200 ሌንስ እሱ ላይ እንደ 300 ያቀርባል፣ ያውም በሙሉ 24 ሜጋፒክስል። ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሲመገብ በመኪና መብራት ለማንሳት የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ርቀቱ ቅርብ፣ ብርሃኑ ደካማ፣ ጅቡ ፈጣን ነውና እዚያ ኤ7 ከኤፍ 1.8 ጋር ያሸንፋል።

ኤ7ን ከወሰናችሁ የድሮውን የኤ6400 ሌንሳችሁን ይዛችሁ እንቀጥላለን አትበሉ። ለትንሹ ሴንሰር የተሠራ ሌንስ ሲገጠምለት ካሜራው የሴንሰሩን መሃል ብቻ ይጠቀማል፤ ፎቶውም ወደ 10 ሜጋፒክስል ይወርዳል፣ የከፈላችሁበት የስፋት ብልጫም አብሮ ይሄዳል። የሌንሱን ዋጋ ከካሜራው ዋጋ ጋር ደምራችሁ ተደራደሩ።